ጀርባው ክፍት ሄድፎንና የእትዬ ራቢዓ ቀለበት

አብዱልሀኪም ሷሊሕን ፊቱን ሳላይ ሁለት ዓመት ያወቅሁት በድምፁ ብቻ ነው። እኔ ደብረ ሲና ጋቢ ደርቤ፣ እሱ ሸዋ ሮቢት በካናቴራ፣ በየቤታችን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ከባድ መኪና እንነዳለን። በመካከላችን ያለው መንገድ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያም ሆኖ እኔ ወደ ታች አልወረድኩም፣ እሱም ወደ ላይ አልወጣም። የእኔ ስንፍና ነው። እሱ ግን ከቤት መውጣት አይችልም ነበር።

ጨዋታው ጥይት የለበትም። ጭነት ትጭናለህ፣ ከከተማ ከተማ ታደርሳለህ፣ በቃ። ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ «ተክሌ፣ በደጅህ የሚያልፈው ተሳቢ አልበቃ ብሎህ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ካርታ ላይ በጣቴ ብቻ የነካኋቸውን አገሮች በመኪና መስኮት ባያቸው ማን ምን አገባው? ሦስተኛችን ሙዐዊያ ነው፤ ከሚሴ ላይ ሞባይል ይጠግናል። የጨዋታውን ከተሞች ስም መጥራት ስላቃተን በራሳችን ስም ጠራናቸው። ረጅሙ ቁልቁለት ጣርማ በር ነው፣ ድልድዩ ጀውሃ ነው፣ ጭነት የምናራግፍበት ወደብ ደግሞ አሰብ። አሰብን ያወጣው አብዱልሀኪም ነው። አባቱ ሹፌር ሷሊሕ ዕድሜያቸውን በአሰብ መስመር የጨረሱ ሰው ነበሩ።

አብዱልሀኪም የመጨረሻ ልጅ ነው። ሁለቱ ወንድሞቹ ጅዳ ናቸው፣ እህቱ አዲስ አበባ አግብታለች። በእነሱ ቤት ደንብ ወላጅ የሚጦረው የመጨረሻው ልጅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እናቱን እትዬ ራቢዓን ስትሮክ ሲመታቸው መናኸሪያው አጠገብ የነበረውን የጽሕፈትና የኮፒ ቤቱን ዘጋ፣ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ ቤት አመጣ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው በስልክ ይልክለታል፣ እሱም ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘምዘም ከዙህር በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከእናቱ ጋር ይቀመጡለታል። መስጊዱም፣ ገበያውም፣ ጸጉር መቆረጡም በዚያች አንድ ሰዓት ነው።

አንድ ጊዜ ጣርማ በርን ስንወርድ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ከሮቢት ማረሚያ ቤት ልጆች የምለየው ፍርድ ስላልተሰጠኝ ነው። እነሱ መቼ እንደሚወጡ ያውቃሉ።» ቀጥሎ ያለውን አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። የእሱ መውጫ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ደግሞ ያንን ቀን በሐሳቡ እንኳ ሲመጣበት «አስተግፊሩላህ» የሚል ልጅ ነው።

እትዬ ራቢዓ ቀኝ ጎናቸውና ምላሳቸው አይታዘዛቸውም። የቀረቻቸው ግራ እጃቸው ናት፤ በእሷም ላይ ባለቤታቸው ያደረጉላቸው የብር ቀለበት አለ። ልጃቸውን የሚጠሩት በዚያ ቀለበት የአልጋውን ብረት በመምታት ነው። ሁለቴ ከመቱ ውኃ ነው፣ ሦስቴ ከሆነ ሽንት። አብዱልሀኪም በእንቅልፉም ይሰማዋል። ያልሰማው አንድ ቀን ነው።

ያን ጊዜ የነበረው ሄድፎን ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ዓይነት ነበር። ለሮቢት ሙቀት ይሄ ቅጣት ነው። የጆሮው ስፖንጅ በላብ በስብሶ ጥቁር ቅርፊቱ ጉንጩ ላይ እየቀረ ልጁን ከሰል ሻጭ አስመሰለው። ማጠፊያው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። እናቱ መቱ፣ ደጋግመው መቱ፣ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ለመነሣት ሞክረው ወደቁ። ያወቀው መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ድርግም ሲል ነው። ያኔም ቀለበቱ መሬቱን ይመታ ነበር። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ። እሱ ግን ሄድፎኑን ወደ ጓሮ ወርውሮ ከእኛ ጠፋ።

ሦስት ወር ሙሉ እኔና ሙዐዊያ ሁለት ሆነን ነዳን። ሁለት ሰው ኮንቮይ አይባልም፤ ወሬም ያልቃል። ከዕለታት በአንዱ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ የውጭ ድምፅ የሚያስገባ ሄድፎን አለ ወይ?»

«የማያስገባውን ነው ሰው የሚፈልገው» አልኩት።

«እኔ የሚያስገባውን ነው። የእናቴን ቀለበት እየሰማሁ እናንተንም ብሰማ... ወላሂ ጋሼ፣ ግድግዳ ማየት ሰለቸኝ።»

ሁለት ቀን ኢንተርኔት ላይ ተተክዬ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ጀርባው ክፍት ይባላል። የጆሮው ሽፋን በውጭ በኩል ወንፊት ነው። አየር ስለሚገባው ጆሮ አይቀቀልም፣ የቤቱ ድምፅ ይሰማል፣ የጨዋታውም ድምፅ ሰፋ ብሎ ስለሚመጣ ከኋላ የሚቀድምህ መኪና በግራ ይሁን በቀኝ ሳታይ ትለያለህ። ስለ ጥንካሬው ሙዐዊያ የጠጋኝ ምክሩን አከለ፦ ራስ ላይ የሚውለው ቅስት ብረት ይሁን፣ ስፖንጁ ጨርቅ ሆኖ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን፣ ገመዱ ከጫፉ የሚነቀል ይሁን፤ ገመድ ሲበጠስ ገመዱን እንጂ ሄድፎኑን አትጥልም። በብሎን የተያያዘ ፈልግ፣ በሙጫ የተያያዘ ዕቃ የሮቢትን ግንቦት አያልፍም አለ።

ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ግርጌ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረች። ክፍት ስለሆነ ድምፅ ወደ ውጭም ያወጣል፤ አጠገባችሁ ሌላ ሰው ካለ አይመከርም ትላለች። አየኋት። ቤቱ ውስጥ ማን አለና ብዬ አለፍኳት።

አብዱልሀኪም በዚያች በተፈቀደችለት አንድ ሰዓት ሚሊዮን ወደሚባል ነጋዴ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደ። ሚሊዮን የሚያብረቀርቁትን፣ ጎናቸው ቀይና ሰማያዊ የሚያበራውን ደረደረለት። እሱ አንዱን አጥልቆ ዘፈን ከፈተና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ቁልፍህን ከበሩ ብረት ጋር ምታልኝ» አለው።

ሚሊዮን መታ።

«እንደሱ አይደለም፤ ቀስ አድርገህ። የታመመ ሰው እጅ ነው።»

አራት ሄድፎን ቀያየረ። ሚሊዮን በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ኳ ኳ ሲያደርግ ሰው ተሰበሰበ፤ አንዷ ሽንኩርት ገዝታ የምትመለስ ሴትዮ «ምን ነካው፣ ልጁ አይሰማም እንዴ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። አንዱም አላሰማውም። ለሚሊዮን የሚገባውን ልስጠውና፣ አልሳቀበትም። አዲስ አበባ ደውሎ ከተዘጋ የዘፈን መቅረጫ ቤት የወጣ አሮጌ አገኘለት። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በጨርቅ ከረጢት ተጠቅልሎ መጣ። ግራጫ ነው፣ ከባድ ነው፣ መብራት የለው፣ ውበት የለው። ሚሊዮን ገና አንዴ መታ እንዳደረገ አብዱልሀኪም ዞረ። ድገመው አላለም።

በማግሥቱ ሦስት ሆንን። መጀመሪያ ላይ በወሬያችን መሃል «መጣሁ» ይልና መኪናውን ጥግ አስይዞ ይሄዳል። እኛም የፍሬቻ መብራት አብርተን ከኋላው እንቆማለን። እየቆየ ግን «መጣሁ» ማለቱ ቀነሰ። በአንድ ጉዞ አንዴ፣ ከዚያም ጭራሽ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ ሳይሻላት አልቀረም። ስጫወት መጥራት ትታለች» አለን።

እኔማ ተኮፈስኩ። ምርጫው የማን ሆነና!

ወር ሳይሞላ ነገሩ ተበላሸ። የእትዬ ራቢዓ አንሶላ ይረጥብ ጀመር። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላጠፉ ሴት ናቸው። የጤና ባለሙያዋ መጥታ አየቻቸውና ሽንት እየያዙ ነው፣ ኢንፌክሽን ሆኗል፣ ውኃ ይጠጡ አለች። ውኃ ሲሰጣቸው አፋቸውን ይገጥማሉ። ሌላም ነገር ነበር። ከጨዋታ ተነሥቶ ሲገባ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሻሻቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ያገኛቸዋል። ያወልቅላቸዋል፣ በግራ እጃቸው መልሰው ይጎትቱታል። ከዚያ ጣታቸውን ሰብስበው ወደ አፋቸው ያደርጋሉ። ራባት ብሎ ምግብ ሲያመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። «እማ፣ ቀለበቱ እጅሽ ላይ ነው፣ ብረቱ አጠገብሽ ነው፣ ለምን አትጠሪኝም? ከዚህ በላይ ምን ልሁንልሽ?» ብሎ ጮኸባቸው። እናቱ አለቀሱ። ይህን ሲነግረን እሱም አለቀሰ። ሦስት መኪና አሰብ መግቢያ ላይ ሞተሩን እንዳስነሣ ቆመ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጋቢዬን ጥዬ ወደ ሮቢት ወረድኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ተቀበለኝ። ባጃጅ ይዤ ቤቱን አገኘሁት። በሩን የከፈተልኝ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ጨዋታ ላይ አንቱታ ከልክዬው አንተ ይለኝ የነበረው ልጅ ደፍ ላይ «ይግቡ ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን» አለኝ። በቤቱ እንግዳ ነኝና አንቱ ሆንኩ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ መካከሉ በችፑድ ጣውላ የተከፈለ። ችፑዱ ጣራ አይደርስም። ወደ ጓሮውና ወደ ሽንት ቤቱ የሚያስወጣው በር ያለው ሳሎኑ ላይ ነው። እትዬ ራቢዓ ዘንድ አስገባኝ። እትዬ ዘምዘም የተለመደች ሰዓታቸው ደርሶ መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። በርጩማ ሰጡኝ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን። አብዱልሀኪም «ሙዐዊያ ይጠብቀናል፣ መምጣትዎን ልንገረው» ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። በችፑዱ አናት ላይ መጀመሪያ የከባድ መኪና ሞተር መጣ። ቀጥሎ የአብዱልሀኪም ድምፅ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቀጠን ያለ ግን ጥርት ያለ የሙዐዊያ ድምፅ። «ጣርማ በርን ወርጃለሁ፣ ጀውሃ ላይ እንገናኝ» ይላል። ሳቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማ ሰው ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንዶች አሉ።

እትዬ ራቢዓ ሻሻቸውን አጠበቁ። ወደ ሳሎኑ ጠቆሙ፣ ጣታቸውን ሰብስበው ወደ አፋቸው አደረጉና እኔን ተመለከቱ።

«ሰዎቹ ምሳ በሉ ወይ ነው የምትልዎት» አሉኝ እትዬ ዘምዘም።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ሹፌሮቹ ናቸዋ። ቀን ቀን የሚመጡት። እኔ የምመጣው ልጁ ሲወጣ ስለሆነ አግኝቻቸው አላውቅም፤ እሷ ናት በእጇ የነገረችኝ። እንደ ሷሊሕ ጊዜ ቤታችን ሰው ገባበት ብላ ደስ ብሏታል።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስተማሪ፣ እርስዎን አላፍርዎትምና ልንገርዎት። የሷሊሕ ጓደኞች ጠዋት ገብተው እስከ ዐሥር ሰዓት ቢቀመጡ ራቢዓ በመካከላቸው አልፋ ደጅ አትወጣም ነበር። ሽንቷን ይዛ እዚች ክፍል ትቀመጣለች፣ እኔም አብሬያት። መኪናው ሲነሣ ነበር ሁለታችን ተያይዘን የምንሮጠው። ዛሬማ ባሰ። ልጇ ፖፖዋን ይዞ በእንግዳ ፊት ሊያልፍ ነው? ሞቷን ትመርጣለች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የቤቱን ነገር ጎረቤት አውቆት፣ ልጁ ብቻ አልሰማም። እኔ ግን በልጁ መፍረድ አልቻልኩም። «ቤቱ ውስጥ ማን አለና» ያልኩት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ተኝታለች፤ ያውም ጆሮዋ ከእኛ ሁሉ የነቃ። ሰው ነው ብዬ አልቆጠርኳትም። አፈርኩ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አብዱልሀኪምን ጠርቼ ነገርኩት። ሄድፎኑን ከነረጅም ገመዱ በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እሰማት ብዬ ነው እኮ የገዛሁት» አለ።

ከዚያ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «እማ፣ ማንም የለም። ከሚሴ ነው ያለው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው» አላቸው። ሄድፎኑን በሻሻቸው ላይ አጠለቀላቸው። ሙዐዊያ ሁሉን ሰምቶ ነበርና «አሰላሙ ዐለይኩም እማ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ። ከእናቱ ጆሮ አልፎ እኔም ሰማሁት። እትዬ ራቢዓ ፊታቸው በራ። ወደ በሩ አዩ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ጣታቸውን ሰብስበው ወደ አፋቸው አደረጉ። ሩቅ ይሁን ቅርብ ለእሳቸው ለውጥ የለውም። መንገደኛ ነው፣ ሰላም ብሏቸዋል፣ እንግዳ ነው።

አብዱልሀኪም መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ሳቁ ቀረ። «እንግዲህ እተወዋለሁ» አለ፤ ገመዱን ለመንቀል ወደ ሳሎን ሄደ። ፊቱን አየሁት። እስረኛ ለፀሐይ የሚወጣባትን ደቂቃ ሲነጥቁት እንደዚያ ይመስላል ብዬ አሰብኩ።

«ቆይ» አለ ሙዐዊያ በሄድፎኑ። «እንግዳ ምንጊዜም ይሄድ የለም እንዴ? እንሂዳ።»

ጉሮሮውን ጠራረገ። እንደ እውነተኛ ሹፌር ጮክ ብሎ «በሉ እንግዲህ፣ በላን ጠጣን፣ መንገደኛ ነን። እማ፣ አላህ ያሽርዎት፣ ደኅና ይዋሉ» አለ። ሞተሩ ተነሣ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ቤቱ ዝም አለ። እትዬ ራቢዓ በጥሞና አዳመጡ። ቀለበቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ።

ለካ የቀረሁት እኔ ነኝ። ብድግ አልኩ። ሆዴን ዳበስ አድርጌ «ጠግቤያለሁ እትዬ ራቢዓ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ሳሎኑን አቋርጬ ወጣሁ። አብዱልሀኪም ሊሸኘኝ ተከተለኝ። ደፉ ላይ ጎንበስ ብዬ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ እንዳስገባሁ ከውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ለስንብት የዘረጋውን እጁን እንኳ ሳልጨብጠው ተመልሶ ሮጠ።

ዛሬም ሦስታችን እንነዳለን። በየአርባ ደቂቃው መኪኖቻችንን ጥግ እናስይዛለን፣ እኔና ሙዐዊያም በየተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንሰናበታለን፤ በልተናል፣ ጠጥተናል፣ መንገደኛ ነን እንላለን። ከዚያ ሞተር አጥፍተን አፋችንን እንዘጋለን። ጥቂት እንቆያለን፣ እንግዳ ጫማውን አድርጎ ከግቢ እስኪወጣ ያህል። በማይክሮፎኑ በኩል ቀለበቱ ብረቱን ሦስቴ ሲመታ፣ የአብዱልሀኪም ወንበር ወደ ኋላ ሲሸሽ ይሰማናል።

«ሌላው፣ ሰው ሲሄድበት ይከፋዋል፤ እኔ ግን ሰው ካልሄደልኝ እናቴ አትጠራኝም» ብሎኛል አንድ ቀን።

የእሱ መኪና መንገዱ ዳር ባዶውን፣ ፍሬቻውን እያበራ እያጠፋ ይቆማል። ሄደናል ብለን የተሰናበትነው እኔና ሙዐዊያ ከኋላው ቆመን እንጠብቀዋለን።